ለቡላ የተሰጠው ትዕግሥት

ሰኞ

አማቴ ዛሬ ሱቅ ድረስ መጡ። እዚህ መጋረጃ ስሰፋ ስንት ዘመኔ፣ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ደጁን ረግጠውት አያውቁም። ዛሬ ግን ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡና «ልጄ፣ እዪ! እዪልኝ!» አሉ።

ማረሚያ ቤቱ ያወጣው ቪዲዮ ነው። ከመንገድ የተሰበሰቡ ውሾችን ለታራሚዎች ይሰጣሉ። ታራሚዎቹ ያሳድጓቸዋል፣ ያሠለጥኗቸዋል፤ ከዚያ ውሾቹ ለዓይነ ስውራንና ብቻቸውን ለሚኖሩ ሽማግሌዎች ይሰጣሉ። «ውሻውም ይድናል፣ ሰውየውም ይድናል» ይላል ከሥሩ የተጻፈው። ከዚያ እሱ ብቅ አለ። ባለቤቴ። ከስቷል፣ ፀጉሩን ተላጭቷል። ቡላ መልክ ያለው፣ የጎኑ ፀጉር የረገፈ ውሻ ፊት ተንበርክኮ በመዳፉ ያጎርሰዋል። ውሻው ሲስገበገብበት «ቀስ በል የኔ ጌታ፣ ቀስ በል፣ ማንም አይቀማህም» ይለዋል።

ድምፁ የሱ ድምፅ ነው። ግን እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

የሥራ ባልደረባዬ፣ በምላሷ ምክንያት «መቀስ» የምንላት፣ እንባዋን በትርፍራፊ ጨርቅ ጠረገች። «አንቺ የታደልሽ! የኔው እንኳን ለውሻ ለወለደችው እናቱም እንዲህ አይናገር» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሱቁ ባለቤት ለሁላችንም ሻይ አስመጡ።

ከዚያ በኋላ የሰፋሁት መጋረጃ ጠርዙ እንደ እባብ ተጣመመ። ሙሉውን ተረተርኩት።

ማክሰኞ

ልጄም አይታዋለች። ክፍሏ ውስጥ ያላየው ልጅ የለም።

«አባትሽ ጎበዝ ነው አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«እሺ አልኳቸው።»

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምታወራኝ። ዘንድሮ የሸክላ ሳህን ገዝተናል፤ የፕላስቲኩን ለሰው ሰጠነው። እስካሁን አንድም አልተሰበረም።

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

አንዲት ሴት ደወለች። የማረሚያ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነኝ አለች። ቅዳሜ ቤት ልትመጣ ነው። ስለ መልካም ጉዳይ ነው አለችኝ። መልካም።

እጄን ያመኛል፤ የግራው አንጓ። ብርዱ ነው። ድሮ መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ የተሰበረው ነው።

ቅዳሜ

ልጅ እግር ናት ባለሙያዋ። ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ ስትል ተዪው አልኳት። አማቴ ቀድመዋት መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም።

«ባለቤትዎ በቡድኑ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተመሰገኑ ናቸው» አለችኝ ልጅቷ። «ቡላን፣ ማለቴ ውሻውን፣ ያገኙት ሰው ሲጠጋው የሚናከስ ሆኖ ነው። አሁን ሕፃን ቢጋልበው ዝም ይላል። እና በአመክሮ እንዲፈቱ ጉዳያቸው ለኮሚቴ ቀርቧል። ኮሚቴው ቤተሰቡ ይቀበላቸው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።»

«ይቀበላል እንጂ! ምን ጥያቄ አለው?» አሉ አማቴ።

«ከባለቤታቸው መስማት አለብኝ እማማ» አለች በትሕትና። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በናንተ መካከል፣ ቤት ውስጥ፣ ችግር ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

አማቴ ሻያቸውን ያማስሉ ጀመር። ስኳር አይጠቀሙም።

«እንደ ማንኛውም ቤት ነው» አልኩ።

ልጅቷ ልትሄድ ስትነሣ ከኔ ራስ በላይ ያለውን የመጋረጃ ቀለበት አይታ «ይቺ ወልቃለች» ብላ እጇን ሰደደች። ጎንበስ አልኩ። «ውይ፣ አስደነገጥኩዎት?» አለችኝ። ስፌት ላይ ስለምውል አንገቴን ያመኛል አልኳት።

ውሸት እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚመጣልኝ መቼ ለምጄው ነው?

እሑድ

እንደ ማንኛውም ቤት! የትኛው ቤት? ምላሴ ይቆረጥ።

ሰኞ

ሥራ በዝቷል። የአንድ ሆቴል መጋረጃ። መቀስ ቀኑን ሙሉ «ሙሽሪት» ስትለኝ ዋለች። «ፀጉርሽን ተሠሪ እንጂ፣ ሰውዬሽ እየመጣ አይደል?» እሺ አልኳት። የሁሉ ነገር መልሴ እሺ ሆኗል፤ ልጄም ይህን የወረሰችው ከኔ ነው።

ረቡዕ

ልጄ የሚቀጥለውን ዓመት እህቴ ጋ፣ በሌላ ከተማ፣ መማር እፈልጋለሁ አለችኝ። የዚያ ትምህርት ቤት ይሻላል፣ ቤተ ሙከራ አለው ትላለች። ሳይንስ መቼ ወዳ ታውቃለች?

«ብቻዬን ትተሽኝ?» አልኳት እንደ ቀልድ።

«ብቻሽን አይደለሽማ» አለች። ከዚያ ደብተሯን አንሥታ ክፍሏ ገባች።

ዓርብ

ዛሬ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ጎረቤታችንን፣ ኤሌክትሪሻኑን፣ አገኘሁት። ባለቤቴ የታሰረው የዚህን ሰውዬ መንጋጋ ሰብሮ ነው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሁለታችንም ጫማችንን ነው የምናየው። አሁንም የሚያኝከው በአንድ ወገን ነው።

«ቪዲዮውን አየሁት» አለኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ተለውጧል ይላሉ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

እስካሁን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም ይነግሩኛል እንጂ አይጠይቁኝም። ባዶውን የዳቦ ላስቲክ ስፈታና ስቋጥር ቆየሁ።

«እኔ እንኳ» አለ ወረፋው ሲንቀሳቀስ፣ «የተመታሁት አንድ ቀን ነው።»

ዳቦውን ይዞ ሄደ።

ፍርድ ቤት የተባለው በጫጫታ ምክንያት ተጣሉ ነው። እውነት ነው፣ ጫጫታ ነበር። ሰውየው በራችንን ያንኳኳው ጫጫታው አላስተኛ ብሎት አይደለም። «ልጅቷን ልቀቃት» ብሎ ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ። ይህን የሚያውቅ ሦስት ሰው ነው፤ ከልጄ ጋር አራት። ዳኛው እኔን አልጠየቁኝም፤ ማንም ለምስክርነት አልጠራኝም። ለአንድ ቀን ቡጢ ያን ያህል ዓመት ፈረዱበት። ለሌላው ሒሳብ የያዘ የለም።

ቅዳሜ

ነገ የቤተሰብ ቀን ነው። ማረሚያ ቤቱ የውሾቹን ሥልጠና ሊያሳየን ጠርቶናል። ልጄ ፈተና አለብኝ አለች። የእሑድ ፈተና! አልሟገትኳትም። አማቴ አዲስ የአንገት ልብስ ገዝተውልኛል። ቀለሙ ያምራል፤ አንገት ላይ ግን ይበላል።

እሑድ

ከየት ልጀምር?

ግቢው ሰፊ ነው። ሣሩ ታጭዷል፤ ለእንግዶች የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ካሜራ የያዙ ሰዎች አሉ። ታራሚዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ እያንዳንዳቸው ውሻቸውን በማሰሪያ ይዘው ወጡ። አሠልጣኙ ጎልማሳ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከውሾቹ ጋር ነው የሚያወራው።

እሱ ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለልኝ። አማቴ ወዲያው ማልቀስ ጀመሩ።

ቡላን አስቀመጠው። አስተኛው። ዓይኑን ጨፍኖ ማሰሪያውን ይዞ ሄደ፤ ውሻው በወንበሮቹ መሀል እየመራ ከጉድጓድ አሳልፎ፣ በደረጃ አውጥቶ አወረደው። ሰው አጨበጨበ። ሲጨርስ ውሻው በደስታ ዘሎ የውሃውን ባልዲ ገለበጠና እሱን ከጉልበቱ በታች አራሰው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜ ጠበቅሁ።

ስከፍት እየሳቀ ነው። «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል ቡላዬ፣ ውሃ ነው፣ ይደርቃል» እያለ ጆሮውን ያሻሸዋል።

አንዴ ሸሚዙን ካውያ ያቃጠለብኝ ጊዜ

አይ። ይቅር።

ከዚያ አንዱ ካሜራ ያዥ ከፊት ለመቅረጽ እጁን ከፍ ሲያደርግ ቡላ መሬት ላይ ልጥፍ አለ። ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኝቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባለቤቴ ፈጠን ብሎ መሀላቸው ገባ። «እጅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ ወንድሜ» አለ፤ በጨዋ ደንብ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ማስረዳት ጀመረ። «ይህ የተመታ ውሻ ነው። የተመታ፣ እጅ ሲነሣ ያያል። ሊያጎርሱት ይሁን ሊመቱት አያውቅም። ዓመት ቢቆይም አይረሳውም። ፈሪ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ታገሡት።»

ይህን ሲናገር ከሱ ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ዓይኑ በኔ ላይ አልፎ ሄደ። ምንም አላየም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ባለሙያዋ ልጅ እንባዋ መጣ። እኔም አጨበጨብኩ። በዚያች በምታመኝ እጄ።

በኋላ ለብቻችን እንድናወራ ጥላ ሥር አስቀመጡን። ቡላ እግሩ ሥር ተኛ። እሱ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ልጃችን ጠየቀኝ። ሳወራ አላቋረጠኝም። ድሮ ሳልጨርስ ያቋርጠኝ ነበር። እውነቱን ለመጻፍ፣ ሰውየው ተለውጧል። እያስመሰለ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ማስመሰሉን አውቅበታለሁ። ይህ ግን የምር ነው። ይችል ኖሯል ማለት ነው። ያ ሁሉ ትዕግሥት ውስጡ ነበረ ማለት ነው።

«እንዴት ቻልክ?» አልኩት። «እጅህ እንዴት እንዲህ ለዘበ?»

ጥያቄው ደስ አለው። «መጀመሪያ ቀን አሠልጣኙ ሰብስቦ ነገረን» አለኝ። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እጅህን ካነሣህበት ውሻው ይወሰድብሃል፤ ሁለተኛ አይሰጥህም አለን። አንዱ ልጅ በእርግጫ ብሎት ያንኑ ቀን ወሰዱበት። እኔ ግን ቡላን ማጣት አልፈለግሁም። ስናደድ እጄን ኪሴ እከታለሁ። በቃ፣ ለመድኩት።»

ሳቄ መጣ። ልይዘው ብል አልያዝ አለኝ። ቡላ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አለ እሱም ፈገግ ብሎ።

«ምንም። ቀላል ነው ለካ!»

አማቴ ከሩቅ ስንስቅ አይተው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

ሰኞ

ሥራ አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ አስደወልኩ። ስለኔ «ትወሰድብሃለች» ያለው ሰው የለም። እናቱ አላሉትም፤ እናቴም «ቤትሽን ያዢ» ነው ያለችኝ። ሐኪሙ እጄን በጄሶ ሲጠቀልል መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፊ ብሎ መከረኝ። እኔም አላልኩትም። ምን ብዬ ልበል? የት ልወሰድ?

ማክሰኞ

ለልጄ ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ ስለ ውሻውና አሠልጣኙ ስላለው። እሷም ሰምታኝ ሰምታኝ፦

«እማዬ፣ ምን ልትያቸው ነው?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለችኝ። «እንደ ማንኛውም ቤት ነው ትያቸዋለሽ።»

ለካ ያን ቀን ክፍሏ ውስጥ ሆና ሰምታለች። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ብዬ መጻፌም ይገርማል፤ ስለ ጥፊ እኔ ሳላውቅ ነው?

ሐሙስ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ኮሚቴው ዛሬ ነው። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ይዘዋል። «ልጄ፣ እኔም ኖሬበታለሁ» አሉኝ በሹክሹክታ። «የሱ አባት ምን እንደነበሩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያልፋል። ሰው ሲያረጅ እጁም ይደክማል።»

ያውቃሉ! ይህን ሁሉ ዘመን ያውቁ ነበር። ምን እንደምል አሁንም

ሐሙስ ማታ

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰው። ሰብሳቢው ብዙ ጉዳይ ያለባቸው ሰውዬ ናቸው፤ ሰዓታቸውን ያያሉ። ባለሙያዋ ልጅ ፈገግ አለችልኝ። አሠልጣኙም ጥግ ላይ ተቀምጧል። አማቴን ውጭ እንዲጠብቁ አደረጓቸው።

«እመቤት፣ ባለቤትዎን በቤትዎ ለመቀበል ፈቃደኛ ነዎት?» አሉኝ ሰብሳቢው።

አሠልጣኙን አየሁት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩት። «ውሻው ላይ እጁን ቢያነሣ ምን ይሆናል?»

ግራ ገባው። «ይወሰዳል።»

«እንዳነሣ ማን ያያል?»

«ጠባቂ አለ፣ ካሜራ አለ። እኔም ሁልጊዜ አለሁ።»

«እሺ፣ እኔ ቤት ማን አለ?»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እመቤት፣ እዚህ የቀረበው የመልካም ጠባይ ጉዳይ ነው። የእርስዎ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«የኔ ሌላ ጉዳይ አይደለም» አልኩ። የግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ይህን እጄን የሰበረው እሱ ነው። ጎረቤታችን መንጋጋው የተሰበረው እኔን ሊያስጥል መጥቶ ነው። ውሻውን እንደማይመታ አይቻለሁ፤ አጨብጭቤለታለሁ። እኔ ግን ውሻ አይደለሁም፣ የሚያየኝም የለም። ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?» አሉ ሰብሳቢው።

ይህን ጥያቄ እንደሚጠይቁኝ አውቅ ነበር። የማላውቀው መልሱን ነው።

ባለሙያዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ ቀረች። ሻዩንና አማቴን አስታውሳ ይሆናል።

ስወጣ አማቴ ፊቴን አይተው ተረዱት። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ረቡዕ

ይፈታል። በናቱ ቤት እንዲኖር፣ እኛ ቤት እንዳይደርስ ተባለ። የናቱ ቤት ከኛ ቤት ሦስት መንገድ ተሻግሮ ነው። የወሰኑት ሰዎች ሠፈሩን አያውቁትም፤ መጥቶ ያየም የለ።

ዓርብ

ባለሙያዋ ደወለች። ይቅርታ ለመጠየቅ ይመስለኛል፤ ግን ይቅርታው አልወጣ ብሏት ስለ ቡላ አወራችኝ። ለአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተሰጥቷል። ከመስጠታቸው በፊት የሰውየውን ቤት ሁለት ጊዜ ሄደው አይተዋል፤ አጥሩን፣ የሚተኛበትን፣ አብሮ የሚኖረውን ሰው ጠባይ ሳይቀር ጠይቀዋል። በየወሩም እየሄዱ ያዩታል። የምሥራች መስሏት ነው የነገረችኝ። መሀል ላይ ራሷ ሰማችው መሰለኝ፣ ዝም አለች።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ለውሻው ደስ ብሎኛል» አልኳት። እውነቴን ነው።

ሰኞ

አማቴ ሱቅ መጥተው በሰው ፊት «ልጄን ከውሻ አሳነስሽው!» አሉኝ። የሆቴሉን መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር፤ ጠርዙን እስክጨርስ ቀና አላልኩም። ሲወጡ መቀስ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ቀልድ ጠብቄ ነበር። «የኔም...» አለችና የጀመረችውን ሳትጨርስ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ኤሌክትሪሻኑ ማታ መጥቶ የበራችንን መብራት ቀየረ። ሳልጠይቀው ነው። ደረጃው አሁን ቀን መሰለ።

ቅዳሜ

ትናንት ወጣ።

ዛሬ ልጄ ከቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት መልስ መንገድ ላይ አገኘችው። ማዕዘኑ ጋ ቆሞ ነበር አለችኝ። ቦርሳሽን ልያዝልሽ አላት። አይ አለችው። እሺ ብሎ አሳለፋት።

«ተቆጣ?»

«አልተቆጣም። እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር።»

እህቴ ጋ መሄዷን ትታዋለች። ለምን ብላት «አንቺን ማን ያይሻል?» አለችኝ። ልትስቅ ሞክራ ነበር።

እራት ላይ ሾርባ ነበር። እኔ ተነሥቼ በሩን ቆለፍኩና ተመለስኩ። ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሄዳ የበሩን እጀታ ጎተት አደረገችው፤ ደግማ ጎተተችው። ከዚያ መጥታ ተቀመጠችና መብላቷን ቀጠለች።